አራዳ ላይ ሰው ሲወድቅ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሬዬ በኳስ ይጀምራል፤ ኳስ የማትወዱ ታገሡኝ፣ ቶሎ ያልቃል።

ጊዜው ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። የጎንደርን ቅዳሜ መቼም ታውቁታላችሁ። ገበያተኛው ከወገራም ከደንቢያም ገብቶ፣ ጤፉንም ቅቤውንም ሸጦ፣ አመሻሹ ላይ አህያውን እየነዳ ሲመለስ ከተማው ትንሽ ተንፈስ ይላል። ያን ዓመት ግን የጎንደር አራዳ ልጅ ከኳስ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ የከተማው ቡድን ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በዚያው ዓመት ነው። እናም ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረን የአውሮፓን ዋንጫ እናያለን፤ ዴንማርክ ከፊንላንድ።

አርባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ክርስቲያን ኤሪክሰን በእጅ የተወረወረለትን ኳስ ሊቀበል ጠጋ ሲል በፊቱ ተደፋ። ማንም አልነካውም። ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ «ኧረ መጋኛ መታው!» አለ፤ ሌላው «ምሳ ሳይበላ ገብቶ ነው» አለና የሚስቅለት አጣ። አምበሉ ሲሞን ኬር ሮጦ ደረሰ፤ ልጁን አስተካክሎ አስተኛው። ጓደኞቹ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በክብ ቆሙ፣ ካሜራ እንዳያየው ከለሉት። በመካከላቸው ሐኪሞቹ ደረቱን ይጫኑ ነበር። ከዚያ በመሣሪያ አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ መቱት፤ ልቡ ተመለሰች። የማንችስተር ደጋፊዎች ቀሪውን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ በዓመቱ ሐምሌ ላይ ለቡድናቸው ፈርሞ ሲጫወት አይተውታል።

በዕድሜ ገፋ ያልን ደግሞ ሌላውን እናስታውሳለን። ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ሊዮን ላይ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ሲጫወት፣ ሰባ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ማርክ ቪቪየን ፎዬ መሐል ሜዳ ላይ ብቻውን ወደቀ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። እሱ አልተነሣም። ከፎዬ እስከ ኤሪክሰን ባሉት ዓመታት የኳስ ሜዳ ሰዎች ብዙ ተማሩ፤ እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን እኛ ስለ ተማርነውና ስላልተማርነው ነው።

አሁን ቴሌቪዥኑን አጥፉልኝና ያንኑ ሰው አራዳ መሐል፣ ጫማ ጠራጊዎቹና ቡና አፍዪዎቹ ባሉበት አስፋልት ዳር ጣሉት። ምን ይሆናል? እኔ አይቻለሁ፣ እናንተም አይታችኋል። መጀመሪያ ጩኸት ነው። ቀጥሎ ሰው እንደ ንብ ይከብበዋል። «አየር ስጡት!» የሚለው ራሱ አየሩን ዘግቶ ከፊት ይቆማል። ከዚያ ክብሪት። ከሱቅ ክብሪት ይመጣል፣ አንዲት እናት ትጭራለች፣ እፍ ትልና ጢሱን አፍንጫው ሥር ትይዝለታለች። አንደኛው እንጨት አልበቃም፤ ሁለተኛው ይጫራል፤ ነፋስ ያጠፋዋል፤ ሦስተኛው። በዚህ መሐል ፊቱ ላይ ውሃ የሚረጭ አለ፣ ጸበል ከቤቱ ሊያመጣ የሮጠ አለ፣ ጥርሱን በማንኪያ ሊፈለቅቅ የሚታገል አለ። ሰውየው አንድ ጊዜ በጉሮሮው ኅር ይላል። «ተመስገን፣ ተነፈሰ!» ይባላል። አልተነፈሰም፤ እያጣጣረ ነው። በመጨረሻ ባጃጅ ይጠራል፣ አራት ሆነው ተሸክመው ያስገቡታል፣ እግሩ ውጭ ቀርቶ ይሄዳል።

በክብሪቷ አልስቅም፤ እንድትስቁም አልፈልግም። ጎንደር የማታውቀው ሰው ሲወድቅ ጥላ የማትሄድ ከተማ ናት። የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይነቃል፤ ራሱን የሳተም እንዲሁ፤ ክብሪቷ ስሟን ያተረፈችው በእነዚህ ነው። ልቡ ቀጥ ላለ ሰው ግን ክብሪት ደቂቃ ትበላለች፣ የዚህ ነገር ሒሳብ ደግሞ በደቂቃ ነው። ልብ ስትቆም አንጎል ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል። ደረቱን የሚጫንለት ካጣ፣ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከመቶ ሰባትም አሥርም እየተቀነሰ ይሄዳል። ሦስት ክብሪትና አንድ ባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን እናንተ አስሉት።

ይህ ደረት የመጫን ነገር ከጥንት የነበረ እንዳይመስላችሁ። የታወቀው በ1952 ዓ.ም. ክረምት ነው። አሜሪካ፣ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ በሚባለው ሆስፒታል ኩወንሆቨን የሚባሉ አዛውንት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ልብን በኤሌክትሪክ ስለ መመለስ በውሾች ላይ ይመራመሩ ነበር። አብሯቸው የሚሠራው ወጣት ኒከርቦከር የመሣሪያውን መያዣ ውሻው ደረት ላይ ሲጫነው፣ ኤሌክትሪኩ ገና ሳይለቀቅ የደም ግፊቱ ከፍ ሲል አየ። መጫኑ ብቻውን ደም ያንቀሳቅሳል ማለት ነው! ጁድ የሚባል ቀዶ ሐኪም ተጨምሮ ሦስቱ ግኝታቸውን አሳተሙት። እስከዚያ ድረስ ልብ ስትቆም ሐኪም ደረት ቀዶ በእጁ ይጨምቃት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት እጅ ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል ተባለ።

ማን ላይ ይለማመዱት ታዲያ? እዚህ ላይ የምወደው ታሪክ ይመጣል። ኖርዌይ ውስጥ ኦስሙን ላርዳል የሚባል አሻንጉሊት ሠሪ ነበረ። ሁለት ዓመት የሆነው ልጁ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሊሞት ሲል አባትየው ራሱ አውጥቶ አተረፈው። በኋላ ሐኪሞች ለልምምድ የሚሆን ሰው መሳይ አሻንጉሊት ሥራልን ሲሉት እሺ ለማለት አላመነታም። ለፊቷ የመረጠው መልክ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ፓሪስ ላይ ከሴን ወንዝ ሞታ ወጣች የሚባልላትንና ስሟ የማይታወቀውን ወጣት ነው፤ የፊቷ ቅርጽ በኖራ ተቀርጾ ቀርቶ በየቤቱ ግድግዳ ይሰቀል ነበር። ያቺ ማንም ያልደረሰላት ልጅ ይኸው ዓለም ሁሉ እሷ ላይ ተንበርክኮ ሰው ማዳን ይማራል።

ከሐኪም እጅ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሰው የገባው ግን ሲያትል ላይ ነው፤ ያቺ ብዙ የሀበሻ ታክሲ ነጂና ምግብ ቤት ያለባት ሲያትል። ሊዮናርድ ኮብ የሚባሉ የልብ ሐኪም ከእሳት አደጋ አለቃው ጋር ተመካክረው እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አሠለጠኑ። ወዲያው ግን መኪናው የቱንም ያህል ቢፈጥን አጠገቡ ያለው ጎረቤት እንደሚቀድመው ገባቸው። ስለዚህ ጎረቤቱን ማሠልጠን ያዙ። ዴንማርኮቹ ደግሞ ዘግይተው ጀምረው በሕግ አደረጉት፦ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተማሪ በትምህርት ቤት፣ ከ2006 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመባቸው መካከል አላፊ አግዳሚ የደረሰላቸው ከመቶ 21 ገደማ ነበሩ፤ በ2010 ወደ 45 ደረሱ። አንድ ወር በሕይወት የቆዩት ከመቶ 4 የማይሞሉ ነበሩ፤ ወደ 11 ገደማ አደጉ።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፤ እኛ ምን አለን?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱን ሰው ይዤ ወደ ደንቢያ ልውረድ።

ደንቢያ ከጣና በስተሰሜን የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ይተኛበታል። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ወባ ገባበት። ንዳድ ይሉታል የአገሬው ሰዎች። 7,000 ያህል ሕዝብ አለቀ ይባላል። የሚቀብር እስኪጠፋ ድረስ፣ እርሻ ላይ እህል ቆሞ እስኪቀር ድረስ። አገሪቱ ያኔ ሐኪም የምታሠለጥንበት ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ሐኪም አስተምረን እንላክ ቢባል ስንት ዓመት! ታዲያ ምን ተደረገ? በ1947 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም፣ በዚያን ጊዜ ፖይንት ፎር የሚባለው የአሜሪካኖች ርዳታም እጃቸው አለበት። ሦስት ዓይነት ሰው ማውጣት ጀመረ፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን። ሦስቱ አብረው ይማራሉ፣ አብረው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ቆላ ድባ ላይ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ፣ ሕፃን ሲከትቡ፣ ሴት ሲያዋልዱ የኖሩት እነዚያ ልጆች ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ ድፍረቱ ነው። «ሐኪም እስኪመጣ እንጠብቅ» ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ይህ ነውር አልነበረም። የጎንደሩ ኮሌጅ ግን የሐኪምን ሥራ ፈታቶ የትኛውን ለማን ማስተማር እንደሚቻል ጠየቀ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ግቢ ከዚያች ኮሌጅ የበቀለ ነው፤ የሕክምና ፋኩልቲው የመጣው በደርግ ዘመን፣ በላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ርዳታ ነው። እንግዲህ ሰፈርተኛውን ማሠልጠን ለጎንደር የፈረንጅ ብልሃት ነው የሚለኝ ካለ የራሱን ከተማ አያውቅም።

ሆኖም ልባችን እንዳይሞላ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ፤ የራሱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሊመረቁ የደረሱ የጤና ተማሪዎችንና ኢንተርን ሐኪሞችን ስለዚሁ ልብና ትንፋሽ ማስመለስ ፈተኗቸው። ዕውቀታቸው ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ተገኘ። መምህራኑን አደንቃለሁ፤ የራስን ጓዳ አደባባይ አውጥቶ መመርመር ቀላል አይደለም። ነጭ ጋዋን ለባሹ እንዲህ ከሆነ፣ የባጃጅ ነጂው ክብሪት ቢጭር ምን ይፈረድበታል?

ጥምቀትን አንሥቼ ልለፍ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዓሉ በዩኔስኮ በተመዘገበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ በሰው ክብደት ተናደ። ቢያንስ አሥር ሰው ሞተ፤ የተጎዳው ብዙ ነው። ያን ጊዜ እንጨቱን ያነሣው፣ ሰውን የተሸከመው፣ መንገድ ያስከፈተው አጠገቡ የነበረው ወጣት ነው። ያ ጉልበትና ያ ድንጋጤ ዕውቀት ቢጨመርበት ብዬ አስባለሁ። ደግሞ በየዓመቱ ጸበሉ ከተባረከ በኋላ ጎረምሳው ልብሱን ጥሎ ውሃው ውስጥ ይወረወራል፤ ዋና የማይችለውም ይወረወራል። ውሃ የበላው ሰው ሲወጣ ሆዱን መርገጥና ቁልቁል መዘቅዘቅ የቆየ ልማድ ነው፤ አይጠቅመውም። እሱን የገደለው የትንፋሽ ማጣት ነውና ከደረቱ መጫን ጋር በአፍ ትንፋሽ መስጠት ከማንም በላይ ለእሱ ያስፈልገዋል።

የሚያሠለጥንስ አለ ወይ? አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ የተቋቋመ ነው፤ የመጀመሪያ ርዳታ ማስተማር የዘወትር ሥራው ነው፤ አምቡላንሱ በ907 ይጠራል። አዲስ አበባ ላይ ክብረት አበበ አሉ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ነርስ ሆነው ሲሠሩ ሕመምተኛው በታክሲና በሰው ትከሻ ሲመጣ እያዩ ዝም ማለት ስላልቻሉ፣ ቤታቸውን ሸጠው አምቡላንስ ገዙ፣ ጠብታ አምቡላንስን አቋቋሙ። እሳቸውም ከማመላለሱ ጋር ማሠልጠኑን ይዘውታል። ጥቁር አንበሳ ላይ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ ወዲህ ሐኪሞቹም አሉን። የጎደለው መሐሉ ነው፤ ሰውየው ከወደቀበት አስፋልት እስከ አምቡላንሱ በር ያለው።

እኔ ያየሁት ሥልጠና እንዲህ ያለ ነበር። ቦታው የእድር አዳራሽ፤ የለቅሶ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ጥግ ላይ ተቆልሏል። አሠልጣኟ ነርስ ናት፣ የደጋ ልጅ፣ ከዳባት አካባቢ ይመስለኛል አነጋገሯ። አሻንጉሊት ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከወገቡ በላይ። የመጡት ባጃጅ ነጂዎች፣ ቡና አፍዪዎች፣ አንድ ዲያቆንና ሁለት ሊስትሮዎች ናቸው። «ትከሻውን ነቅንቁ፤ ጮክ ብላችሁ ጥሩት» አለች። «ካልመለሰ፣ በደንብም ካልተነፈሰ፣ አንዱ ይደውል፣ ሌላው ይጀምር። ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም።» ተንበርክካ የመዳፏን ተረከዝ ደረቱ መሐል አስቀመጠች፤ ሌላውን እጇን ደረበችበት፤ ክርኗን ቀጥ አደረገች። ጥልቀቱ ከአምስት እስከ ስድስት ሳንቲሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ። ሠላሳ ጊዜ ተጭኖ ሁለት ትንፋሽ፤ ትንፋሹን ያልለመደ ወይም የሚሰቀጠጥ መጫኑን ብቻ ሳያቋርጥ ይቀጥል።

አንዷ ቡና አፍዪ ስትጀምር ዘነዘና እንደያዘች ክንዷን እያጠፈች ወቀጠችው። ነርሷ ሳቀችና «እሱ ለቡናው ይሁን፤ እዚህ ክንድ አይታጠፍም፣ ከወገብሽ በላይ ያለው ክብደትሽ ይውረድ» ብላ ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት። ሴትየዋ ወዲያው ገባት። አሻንጉሊቱ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሃያ አካባቢ ስትደርስ ላቧ በግንባሯ ወረደ፤ ነጠላዋን ጣለችው።

ጥያቄ መጣ፤ መምጣትም ነበረበት። ባጃጅ ነጂው «የጎን አጥንቱ ቢሰበርስ?» አለ። ሊሰበር ይችላል፣ አጥንት ይጠገናል አለችው። ዲያቆኑ አፍሮ ቆይቶ «ሴት ብትሆንስ?» አለ። ነጠላ ደርባችሁበት ጀምሩ፣ እጃችሁ የሚያርፈው አጥንቱ ላይ ነው አለችው። ከሁሉ የከበደው የሊስትሮው ነበር፦ «በእጄ ቢሞት ፖሊስ አይዘኝም?» ይህ ፍርሃት አራዳ ላይ ከመጋኛ ይልቅ ሰው ይገድላል። ሕጉ እኮ በተቃራኒው ነው የሚናገረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱም በሌላም ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወውን ነው የሚቀጣው። ነርሷ ይህን አላነሣችም፤ «ልቡ የቆመ ሰው ከዚህ በላይ ምን ታደርገዋለህ?» ብቻ አለችው። የሕጉን አንቀጽ ከዚህ ምላሽ ጋር አብሮ የሚያስተምር ቢገኝ ግን ሊስትሮው በሰላም የሚያድር ይመስለኛል።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። መጫን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ልብን አያስነሣም፤ ጊዜ ይገዛል እንጂ። ኤሪክሰንን የመለሰው ያ በኤሌክትሪክ የሚመታው፣ ኤ.ኢ.ዲ. የሚሉት መሣሪያ ነው፤ በአራዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አላየሁትም። ልባችን የሚታመምበትም መንገድ ይለያል፤ በልጅነት ቶንሲል ሳይታከም ቀርቶ ልብ ላይ የወጣበት ወጣት እዚህ ሞልቷል፤ ለእሱ ደረት ከመጫን ይልቅ ያኔ ቢታዘዝለት ፔኒሲሊን ይበጀው ነበር። ነገር ግን ውሃ የበላው፣ ኤሌክትሪክ የያዘው፣ ሥጋ ያነቀው፣ ልቡ ድንገት ቀጥ ያለው፣ እነዚህ ሁሉ አጠገባቸው ካለው ሰው በቀር ማንም አይደርስላቸውም። ቆለኛውም ደገኛውም ቃሬዛ አዋጥቶ፣ በሽተኛ እየተቀባበለ ተሸክሞ አቀበት የሚወጣበት አገር ነው። እየተፈራረቁ መሸከምን የሚያውቅ እየተፈራረቁ መጫን አያቅተውም፤ ነርሷም በሁለት ሁለት ደቂቃ ተቀያየሩ ያለችው ለዚሁ ነው፤ የደከመ እጅ ጥልቀቱን ይቀንሳል።

በመጨረሻ የእድሩ እማማ ተነሡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ «ይህን አሻንጉሊት መደቡ ላይ አውጡልኝ፣ እኔ መሬት አልወርድም» አሉ።

«አይሆንም እማማ» አለች ነርሷ። «የሚወድቀው መሬት ላይ ነው፤ አልጋና ፍራሽ ላይ ከሆነማ ይሰምጣል፣ ደረቱ አይጫንም።»

እማማ አጉረመረሙ፣ ነጠላቸውን አመሳቅለው አጣፉ፣ የዲያቆኑን ትከሻ ተደግፈው ተንበረከኩ። መቁጠር ጀመሩ። አርባ ሲደርሱ ነርሷ «ሠላሳ ላይ ነው የሚቆመው» ብትላቸው፣ «ዝም በይ፣ አሁን ሞቆልኛል» አሏት። ባጃጅ ነጂው ሁለት ደቂቃ ሞልቷል ብሎ ሊተካቸው እጁን ቢዘረጋ በክርናቸው ገፉት።